አንዴ የሚያልፍ፣ አንዴ የሚወድቅ ዲስክ የወደቀ ዲስክ ነው

በፎቶ ቤቶች፣ በቪዲዮ ስቱዲዮዎችና በየመሥሪያ ቤቱ የመዝገብ ክፍል ዲስክ የሚጽፍ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ችግር አለ። ዲስኩ በርን ተደርጎ ያልቃል፤ ፕሮግራሙም የተጻፈውን ከዋናው ፋይል ጋር ማመሳከር፣ በሙያው ቋንቋ ቬሪፋይ ማድረግ ይጀምራል፤ ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው ግን ስህተት አለ ብሎ ይቆማል። ያው ዲስክ ወጥቶ ተመልሶ ሲገባ ምንም እንዳልነበረ ያልፋል። አንዳንዴም ከአንድ እሽግ ከወጡ ባዶ ዲስኮች ገሚሱ ያለ ችግር ተጽፎ ገሚሱ ይወድቅና፣ በማግሥቱ በዚያው ኮምፒውተር ላይ ሁሉም ያልፋሉ። እንዲህ ያለ ወጣ ገባ የሚል ስህተት ሲያጋጥም በብዛት የሚወሰደው እርምጃ አንድ ነው፤ እስኪያልፍ ድረስ መደጋገም። ካለፈ በኋላ ስም ይጻፍበታል፣ ለባለቤቱ ይሰጣል፣ ጉዳዩም ይዘጋል። ይህ ልማድ መቅረት አለበት። አንዴ አልፎ አንዴ የሚወድቅ ዲስክ እንደ ወደቀ መቆጠር ይኖርበታል፤ ስህተቱም የዕድል ጉዳይ ሳይሆን ምክንያቱ ሊገኝ የሚችል፣ ሊፈለግም የሚገባው ምልክት ነው።

ይህን ለመረዳት ዲስክ ስህተትን እንዴት እንደሚሸከም ማወቅ ይጠቅማል። ብዙ ሰው ዲስክ ወይ ይሠራል ወይ አይሠራም ብሎ ያስባል። እውነታው ግን ከስህተት ፍጹም ነጻ ሆኖ የተጻፈ ዲስክ የለም። በዲቪዲ ላይ መረጃው የሚሰፍርባቸው ዙሮች እርስ በርሳቸው የሚራራቁት በ0.74 ማይክሮሜትር ነው፤ በላያቸው ከሚጻፉት ምልክቶች ትንሹም ርዝመቱ 0.4 ማይክሮሜትር ብቻ ነው። በዚህ ጥበት ውስጥ የአቧራ ብናኝ፣ የጣት አሻራ፣ የፕላስቲኩ መጣመም ወይም መረጃው የሚጻፍበት ቀለም ወጥ አለመሆን ሁልጊዜ ጥቂት ምልክቶችን ያበላሻል። መሐንዲሶቹ ይህን አስቀድመው ስላወቁ መረጃው ብቻውን እንዲጻፍ አላደረጉም። 32,768 ባይት የሆነ የተጠቃሚ መረጃ፣ አንድ ብሎክ የሚባለው፣ ዲቪዲ ላይ የሚሰፍረው ከአድራሻዎቹና ከማረሚያ ኮዱ ጋር 37,856 ባይት ሆኖ ነው። ትርፉ በአብዛኛው ሪድ ሰለሞን በሚባለው የሒሳብ ዘዴ የተሰላ ማረሚያ ነው፤ ዘዴው መጠሪያውን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1960 ካሳተሙት ሁለት አሜሪካውያን ምሁራን፣ ከኧርቪንግ ሪድና ከጉስታቭ ሰለሞን ነው። የደበዘዘ ብራና የሚያነብ ሊቅ የጠፋውን ፊደል ከዙሪያው ንባብ እንደሚሞላው ሁሉ፣ ድራይቩም የጎደለውን ባይት ከቀሩት አስልቶ ይመልሰዋል። ተጠቃሚው ግን ከዚህ ሁሉ ሥራ የሚያየው ነገር የለም።

ችግሩ ይህ እርማት በዝምታ የሚካሄድ መሆኑ ነው። የዲቪዲ መስፈርት በስምንት ተከታታይ ብሎኮች ውስጥ ከእርማት በፊት ስህተት የሚታይባቸው የባይት ረድፎች ከ280 እንዳይበልጡ ይደነግጋል። በጥሩ ሁኔታ የተጻፈ ዲስክ ከዚህ ጣሪያ እጅግ ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ በመጥፎ ሁኔታ የተጻፈው ደግሞ ጣሪያውን ታክኮ ወይም አልፎት ሊሄድ ይችላል። ሁለቱም ግን በቬሪፋይ ፊት እኩል ናቸው፤ ሁለቱም አልፈዋል ይባላሉ። ማረሚያው አቅሙ እስከቻለ ድረስ ሁሉንም ይሸፍናል፤ አቅሙ ባለቀበት ቅጽበት ደግሞ ያለ ማስጠንቀቂያ አይነበብም ይላል። ስለዚህ ወጣ ገባ ስህተት የሚነግረን አንድ ነገር አለ፤ ዲስኩ፣ ድራይቩ ወይም በመካከላቸው ያለው መንገድ የአቅሙ ጫፍ ላይ ደርሷል። ድራይቩ ቀዝቀዝ ሲል ያልፋል፤ ሲግል ይወድቃል። ዲስኩ ማሽከርከሪያው ላይ በደንብ ሲቀመጥ ያልፋል፤ ትንሽ ሲያዘነብል ይወድቃል። ደግሞ ሞክረነው አለፈ ማለት በዚያች ሰዓት በየትኛው ወገን እንደነበረ ከማሳየት በቀር ምንም አያረጋግጥም። ዲስኩ ከዓመታት በኋላ ቀለሙ ደክሞ፣ ጭረት ተጨምሮበት፣ በሌላ ድራይቭ ሲነበብ የሚተርፍለት ትርፍ አቅም አይኖረውም። ዛሬ የታየው ስህተት ይህን ቀድሞ የነገረን ብቸኛው ምልክት ነበር፤ በመደጋገም ግን ዝም እናሰኘዋለን።

ጉዳዩ ለእኛ ቀላል አይደለም። ፊልሙ፣ መዝሙሩ፣ የሠርጉና የክርስትናው ቪዲዮ በየቤቱ የገባው ለብዙ ዓመታት በቪሲዲና በዲቪዲ ነበር፤ በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ ያሉት እነዚሁ ናቸው። አገር ቤት ተቀርጾ አሜሪካ፣ እስራኤል ወይም ገልፍ ላሉ ዘመዶች የተላከውም ብዙው በዲስክ ነው። የቪሲዲ ጉዳይ ደግሞ የተለየ ትኩረት ይሻል። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የቪሲዲ መስፈርት ምስሉን የሚያስቀምጠው በአንድ ሴክተር፣ ማለትም በአንዱ የዲስኩ የመረጃ ክፍልፋይ፣ ተጨማሪ ቦታ ለማግኘት ሲባል ተራ የዳታ ሲዲ ያለውን ሦስተኛ የማረሚያ እርከን ትቶ ነው። ዳታ ሲዲ በአንድ ሴክተር 2,048 ባይት ሲይዝ ቪሲዲ ለምስልና ለድምፅ 2,324 ባይት የሚይዘው ለዚህ ነው። በዚህ ምክንያት በጽሑፍ ፋይል ላይ ሳይታወቅ ተስተካክሎ የሚያልፍ ጉዳት በቪሲዲ ላይ ምስሉን እየቆራረጠ ይወጣል። በተለይ ስቱዲዮው ዲስኩን አስረክቦ፣ ቦታ ለማስለቀቅ ብሎ ዋናውን ፋይል ከሃርድ ዲስኩ ካጠፋው፣ ያ ዲስክ የአንድ ቤተሰብ የሠርግ መታሰቢያ ብቸኛ ቅጂ ሆኖ ይቀራል።

እንግዲህ መንስኤው እንዴት ይገኛል? የመጀመሪያው ጥያቄ ፕሮግራሙ ያወጣው መልእክት ምን ይላል የሚለው ነው፤ ይህን ብዙ ሰው ሳያነብ ያልፈዋል። ማንበብ አልተቻለም የሚል መልእክትና የተነበበው ከዋናው አይመሳሰልም የሚል መልእክት በጣም ይለያያሉ። እያንዳንዱ የዲቪዲ ሴክተር ከማረሚያው ሌላ የራሱ ማጣሪያ ኮድ አለው፤ የዳታ ሲዲም እንዲሁ። በዲስኩ ገጽ ላይ የተበላሸ ነገር እንደ ትክክለኛ መረጃ ሾልኮ የሚያልፍበት ዕድል እጅግ ጠባብ ነው፤ ብልሽቱ ዲስኩ በሌዘር ጨረር በሚነበብበት በኩል ከሆነ ውጤቱ አይነበብም የሚል ይሆናል። በደንብ የሚነበብ፣ ይዘቱ ግን ከዋናው የተለየ ሴክተር ከተገኘ ግን ጥፋተኛው ዲስኩ አይደለም። መረጃው ዲስኩ ላይ ከመድረሱ በፊት ወይም ከዲስኩ ከተነበበ በኋላ በመንገድ ላይ ተለውጧል ማለት ነው። መንገዱ ደግሞ ሃርድ ዲስኩ፣ ራሙና ኬብሉ ነው። ይህን ልዩነት ያላስተዋለ ሰው ራሙ የተበላሸበትን ኮምፒውተር ይዞ የዲስክ ብራንድ ሲቀያይር ይከርማል።

ሁለተኛው ጥያቄ ስህተቱ የት ቦታ ላይ ነው የሚለው ነው። በርን ማድረጊያ ፕሮግራሞች አብዛኛውን ጊዜ የሴክተሩን ቁጥር ያሳያሉ፤ ያ ቁጥር ከማንኛውም ግምት ይበልጣል። አንድን ዲስክ ሁለት ጊዜ አስነብቦ ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። ሁለቱም ጊዜ በአንድ አካባቢ ከወደቀ ጉዳቱ ዲስኩ ላይ ተጽፎ ቀርቷል። አንዴ 400,000ኛው፣ አንዴ 1,900,000ኛው ሴክተር ላይ ከወደቀ ግን ዲስኩን ከመክሰስ በፊት ኬብሉን፣ የኃይል አቅርቦቱንና ራሙን መመርመር ይገባል። ቁጥሩ ሌላም ይናገራል። ባለ 4.7 ጊጋባይት ዲቪዲ ፕላስ አር በጠቅላላው 2,295,104 ሴክተሮች አሉት፤ አጻጻፉም ከመሃል ጀምሮ ወደ ዳር ይወጣል። ስለዚህ ከ2,000,000 በላይ ባሉ ቁጥሮች ላይ የሚደጋገም ስህተት የዳር ስህተት ነው። ዲቪዲ እያንዳንዳቸው 0.6 ሚሊሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት ፕላስቲኮች ተጣብቀው የሚሠራ ነው፤ ቀለሙ ወጥነት የሚያጣው፣ ዲስኩ የሚጣመመውና እጅ የሚያርፍበት ደግሞ በአብዛኛው ዳሩ ላይ ነው። በ16 እጥፍ ፍጥነት ሲጻፍ ዲስኩ በደቂቃ ከ9,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል፤ ጨረሩም ሙሉ ፍጥነቱ ላይ የሚደርሰው እዚያው ዳር ሲደርስ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ስህተት ርካሹ መድኃኒት ዲስኩን አፍንጫው ድረስ አለመሙላት ነው። 4.2 ጊጋባይት ገደማ ላይ ማቆም ዳሩን ባዶ ያስቀረዋል፤ ስህተቱ በዚህ ብቻ ከጠፋም መንስኤው ምን እንደነበር ታውቋል።

ሁሉም የቬሪፋይ ውድቀት እውነተኛ ጉዳት አለመሆኑንም ማመን ያስፈልጋል። ትራክ በትራክ በሚባለው መንገድ የተጻፈ ሲዲ በመጨረሻው ላይ ሁለት የመዝጊያ ሴክተሮች ይኖሩታል፤ እነዚህ መረጃ የሌለባቸው፣ ሊነበቡም የማይችሉ ናቸው። ኮምፒውተሩ ለፍጥነት ሲል ወደፊት ቀድሞ ለማንበብ ሲሞክር እነሱ ላይ ይደርስና የንባብ ስህተት ይመዘግባል፤ ፋይሎቹ ግን ሙሉ ናቸው። ሊኑክስ የሚጠቀሙ ሰዎች በዚህ ምክንያት ደህና ዲስክ ሲጥሉ ኖረዋል። መፍትሔው ትራኩ ሲያልቅ ባዶ ሴክተሮች መጨመር ወይም ዲስኩን በአንድ ጊዜ፣ ሳያቋርጡ መጻፍ ነው። ዋናው ፋይል በመሃል ተለውጦም ሊሆን ይችላል። ኤዲቲንግ ፕሮግራሙ ሳይዘጋ ፕሮጀክቱ ያለበትን ፎልደር በርን ያደረገ ሰው፣ ፕሮግራሙ በየጥቂት ደቂቃው ራሱ ሴቭ ስለሚያደርግ፣ ሲመሳከር ልዩነት ቢያገኝ አይገርምም። ተቃራኒውም አለ፤ ማለፍ የማይገባው ያልፋል። የራም ብልሽት ያበላሸው ፋይል በዚያው ራም ውስጥ እንደተቀመጠ ከዲስኩ ጋር ሲመሳከር፣ የተበላሸ ከተበላሸ ጋር ስለሚነጻጸር ሁለቱ አንድ ዓይነት ይሆናሉ። ከዚህ የሚያድነው የፋይሉን አሻራ፣ ኤምዲ5 ወይም ሻ256 የሚባለውን ቁጥር፣ ከመጀመሪያው ምንጭ ላይ አስቀድሞ አስልቶ ማስቀመጥና በኋላ ዲስኩን በሌላ ኮምፒውተር አስነብቦ ማነጻጸር ነው። ሁለቱ ቁጥሮች በአንዲት ፊደል ከተለያዩ ፋይሉ አንድ አይደለም፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም።

ወጣ ገባ ለሚል ስህተት ከሁሉ ቀድሞ መጠርጠር ያለበት ግን የኃይል አቅርቦት ነው። የዩኤስቢ 2.0 መስፈርት ከአንድ ቀዳዳ የሚፈቅደው 500 ሚሊአምፔር ነው፤ ዩኤስቢ 3.0 ደግሞ 900። ከላፕቶፕ ጋር የሚያያዙት ቀጫጭን የውጭ ድራይቮች ሲነሡና ጨረራቸው ለመጻፍ ሲበረታ ከዚህ በላይ ሊስቡ ይችላሉ። አንዳንዶቹ ሁለት ራስ ያለው ኬብል ይዘው የሚሸጡት ለዚህ ነው፤ ሁለተኛው ራስ ለኃይል ብቻ ነው፣ ብዙ ጊዜ ግን ሳይሰካ ይቀራል። የራሱ የኃይል ምንጭ በሌለው የዩኤስቢ ማከፋፈያ ላይ ድራይቩ ከፍላሽና ከማውስ ጋር ተጋርቶ ሲሠራ ስህተቱ የሚመጣው ሌላው ዕቃ ኃይል በሳበበት ቅጽበት ነው፤ ስለዚህ በዘፈቀደ የመጣ ይመስላል። የጠረጴዛ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ያረጀ ፓወር ሰፕላይ ቮልቴጁን አጽንቶ መያዝ ሲያቅተው ተመሳሳይ ነገር ይከሰታል። መብራት በሚዋዥቅበት አካባቢ ያለ ስቱዲዮ ስታቢላይዘርና ዩፒኤስ ሳይኖረው ስለ ዲስክ ጥራት መከራከሩ ከንቱ ድካም ነው። እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ የወጡት ድራይቮች መረጃ ለጊዜው ሲቋረጥባቸው መጻፉን ገታ አድርገው ካቆሙበት የሚቀጥሉበት ዘዴ አላቸው፤ ለመብራት መጥፋት ወይም ለቮልቴጅ መውረድ ግን ይህ ምንም አያደርግም።

ከዚህ በኋላ ድራይቩ ይመጣል። የሚጽፈው ጨረር የሚያልፍበት ሌንስ በጣም ትንሽ ነው፤ ድራይቩም ለማቀዝቀዝ በሚገባው አየር አቧራ ይጠራቀምበታል። የቆሸሸ ሌንስ መጀመሪያ የሚያስቸግረው ሲያነብ ሳይሆን ሲጽፍ ነው፤ መጻፍ የበለጠ ኃይል ስለሚጠይቅ። ድራይቩ እያንዳንዱን ዲስክ ከመጻፉ በፊት በውስጠኛው ጠርዝ ላይ ጥቂት የሙከራ ምልክቶች አስፍሮ የጨረሩን ኃይል ይለካል፤ ሌንሱ ካደፈ ወይም ጨረሩን የሚያመነጨው ዳዮድ ካረጀ ይህ ልኬታ ራሱ ይዛባል። ሙቀትም ያው ነው። ዲስክ በዲስክ ላይ ሲጻፍ ጠዋት የተጻፉት ደህና ሆነው ከቀትር በኋላ የተጻፉት የሚወድቁ ከሆነ ድራይቩን አሳርፎ እንደገና መሞከር ዋጋ የማያስወጣ ምርመራ ነው። ባረጁ ኮምፒውተሮች ላይ አንድ ሌላ ነገር መታየት አለበት፤ ዊንዶውስ ኤክስፒ ከድራይቩ ጋር ሲነጋገር ስድስት የመስመር ስህተት ካጠራቀመ በኋላ ግንኙነቱን ደረጃ በደረጃ ያወርደዋል፤ ስህተቱ ከቀጠለም በመጨረሻ ወደ ዝቅተኛው ዘዴ ያደርሰዋል፤ ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር ይንቀረፈፋል። ይህ ከታየ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የኬብሉ ነው፤ ኬብል መቀየር ደግሞ ድራይቭ ከመቀየር ይረክሳል።

ባዶው ዲስክ መጠርጠር ያለበት በመጨረሻ ነው፤ በገበያው ግን ሁልጊዜ በመጀመሪያ ይከሰሳል። ይህ ማለት ዲስክ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። በየዲስኩ ላይ የሠሪውን ማንነት የሚገልጽ ኮድ አለ፤ ድራይቩ ኮዱን አንብቦ ለዚያ ቀለም የተዘጋጀውን የአጻጻፍ ስልት በውስጡ ካለው ፕሮግራም፣ ከፈርምዌሩ፣ ያወጣል። ኮዱን ካላወቀው ለማንኛውም ዲስክ በሚሆን ጥቅል ስልት ይጽፋል፤ ውጤቱም አንዴ ደህና አንዴ መጥፎ ይሆናል። የታወቀ ፋብሪካ ኮድ ሰርቀው ርካሽ ቀለም የሚሸጡም አሉ፤ ያኔ ድራይቩ ተታሎ ለዚያ ቀለም የማይሆን ስልት ይመርጣል። በዝግታ መጻፍ ሁልጊዜ ይሻላል የሚለው ምክርም እንዲሁ በጅምላ የሚወሰድ አይደለም። ለ16 እጥፍ ፍጥነት የተሠራ ቀለም በጣም በዝግታ ሲጻፍ ውጤቱ ሊባባስ ይችላል፤ መካከለኛው፣ 8 እጥፍ አካባቢ ያለው ፍጥነት ብዙ ጊዜ የተሻለ ውጤት ይሰጣል። ዲስኩን ጥፋተኛ ለማለት የሚያበቃው ማስረጃ አንድ ነው፤ ሌላው ሁሉ ሳይነካ የዲስኩ እሽግ ብቻ ተለውጦ ስህተቱ ከጠፋ፣ የቀድሞው እሽግ ሲመለስም ከተመለሰ።

ይህ አንዱን ብቻ የመለወጥ ዘዴ የምርመራው ሁሉ መሠረት ነው። ወጣ ገባ የሚል ስህተት ሲያጋጥም ሰው የሚቀናው ሁሉንም በአንድ ላይ መቀየር ነው፤ አዲስ ዲስክ፣ አዲስ ኬብል፣ ዝቅተኛ ፍጥነት፣ ሌላ ፕሮግራም። ካለፈ ደስ ይላል፤ ግን ያዳነው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም፤ ስህተቱ ከሳምንት በኋላ ሲመለስም ፍለጋው ከዜሮ ይጀምራል። አንድ ነገር ብቻ ቀይሮ፣ ውጤቱን በወረቀት ላይ አስፍሮ፣ ያልረዳውን ወደ ቦታው መልሶ፣ ቀጣዩን መሞከር ቀርፋፋ ይመስላል፤ መንስኤውን የሚያሳየው ግን እሱ ነው። ስህተቱ ወጣ ገባ ስለሆነም አንድ ዲስክ አለፈ ተብሎ መፍረድ አይቻልም፤ ቀድሞ ከአምስት ሁለቱ ይወድቁ ከነበረ፣ ከለውጡ በኋላ የሚጻፉት ቢያንስ አሥር ሆነው አንድም ሳይወድቅ መቅረት አለበት። እንደገና የሚጻፍበት ዲስክ፣ አርደብሊው የሚባለው፣ ከባዶ ዲስክ ወጪ ቢያድንም የመጻፊያ ቁሱ የተለየ ስለሆነ የኬብልና የራም ብልሽትን ለመመርመር እንጂ የአንዴ መጻፊያ ዲስኮችን ጥራት ለመፍረድ አይሆንም።

እዚህ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ቀላልም አይደሉም። ሥራ በዝቶበት ደንበኛ ደጅ ላይ የቆመበት ሰው ለዚህ ሁሉ ጊዜ ከየት ያመጣል? እውነት ነው፤ ቬሪፋይ ማድረግ ብቻውን ዲስኩን ለመጻፍ ከፈጀው ጊዜ የሚቀራረብ ጊዜ ይወስዳል። ይሁን እንጂ እስኪያልፍ የመደጋገሙ ልማድም ጊዜ ይበላል፤ ያውም በየቀኑ፣ መጨረሻ በሌለው መልኩ፣ የተበላሹ ዲስኮች ዋጋም ተጨምሮበት። ምርመራው አንዴ ተሠርቶ ያልቃል። ሁሉም ዲስክ ሁለት ጊዜ ይነበብ የሚልም የለም፤ የሚፈለገው ዲስኩ በጻፈው ድራይቭ ሳይሆን በሌላ ድራይቭ እንዲነበብ ነው። የጻፈው ድራይቭ የራሱን ጉድለት ይዞ ስለሚያነብ የገዛ ሥራውን ሊያልፈው ይችላል፤ አሰላለፉ ትንሽ የተዛባ ድራይቭ የጻፈውን ራሱ አንብቦ ደንበኛው ቤት ያለው ማጫወቻ እምቢ የሚልበት ጊዜ አለ። ሁለተኛ ድራይቭ ለዚህ ያስፈልጋል። ማረጋገጥን ትቶ ማስረከብ ጊዜ መቆጠብ ሳይሆን ሥራውን ወደ ደንበኛው ቤት መግፋት ነው።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ዲስክ ራሱ ጊዜው አልፏል የሚለው ነው። ማስረጃው በእጅ ያለ ነው። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2025 መጻፊያ ብሉሬይ ዲስኮችን ማምረት አቁሟል፤ አብዛኞቹ አዳዲስ ላፕቶፖችም ድራይቭ የላቸውም። ፍላሽና ሃርድ ዲስክ እያሉ ስለ ዲስክ ለምን እንደክም? ይህን ክርክር በከፊል እቀበላለሁ። ዛሬ አዲስ ሥራ በዲስክ ብቻ ማስረከብ አይመከርም። ነገር ግን ከክርክሩ የሚከተለው መደምደሚያ ብዙዎች የሚሉት አይደለም። ፍላሽ መረጃ የሚይዘው በኤሌክትሪክ ክፍያ ነው፤ ለዓመታት መሳቢያ ውስጥ ተረስቶ እንዲቆይ የተሠራ አይደለም፤ በቫይረስ ወይም በአንድ የተሳሳተ ክሊክም ይጠፋል። አንዴ ብቻ የሚጻፍበት ዲስክ ግን በስህተት አይሰረዝም፤ ለዚህም ነው እስካሁን ሰነድ ለማስረከብ የሚጠቀሙበት መሥሪያ ቤቶች ያሉት። ዋናው ነጥብ ደግሞ ሌላ ነው። ድራይቭ እየጠፋ በሄደ ቁጥር በእጃችን ያለው ዲስክ ደግመን የምናነብበት ዕድል ይጠብባል። በጫፍ ላይ ያለ ዲስክ ዛሬ ሦስት ድራይቭ ተሞክሮ በአንዱ ሊነበብ ይችላል፤ ነገ የሚሞከር ሦስት ድራይቭ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ዲስክ እያለፈበት መሄዱ ለጥንቃቄ ምክንያት ነው፤ ለቸልታ አይደለም።

በየቤቱ ላሉ ዲስኮችም ይኸው ይሠራል። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው የዲስክ አያያዝ መመሪያ ውስጥ ያሉት ምክሮች ዛሬም ያገለግላሉ፤ ዲስክን በልባሱ ውስጥ አቁሞ ማስቀመጥ፣ ከፀሐይና ከሙቀት ማራቅ፣ ሲጠረግ ከመሃል ወደ ዳር ቀጥ አድርጎ እንጂ እያዞሩ አለመጥረግ፣ ተለጣፊ ወረቀት አለመለጠፍ። ሲዲ ላይ በስክሪፕቶ የሚጽፉ ሰዎች አንድ ነገር ቢያውቁ ጥሩ ነው፤ በሲዲ ላይ መረጃው ያለው ከሥር ሳይሆን ስም በሚጻፍበት ገጽ ሥር፣ በቀጭን የላከር ሽፋን ብቻ ተሸፍኖ ነው። ከሥር ያለ ቆሻሻ ሊጠረግ፣ ጭረትም ሊለሰልስ ይችላል፤ ከላይ የተጫረ ግን መረጃውን ይዞት ይሄዳል፣ ማንም አይመልሰውም። አሮጌ ዲስክ ሲነበብ በመሃል ቆሞ ደግሞ የሚቀጥል ከሆነ ይህም ወጣ ገባ ስህተት ነው፤ ዲስኩ ገና ደህና ነው ብሎ ወደ መሳቢያው መመለስ ሳይሆን በዚያው ዕለት ወደ ሃርድ ዲስክ መገልበጥ ይገባል።

ስለዚህ ዲስክ ለምታስረክቡ ስቱዲዮዎች፣ ፎቶ ቤቶችና የመዝገብ ክፍሎች የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። የጻፋችሁትን ዲስክ በሌላ ድራይቭ አስነብቡት፤ አንዴ ወድቆ አንዴ ያለፈውን ለደንበኛ አትስጡት፤ ዋናውን ፋይል ደግሞ ዲስኩ በሁለተኛ ድራይቭ እስኪነበብ ድረስ ከሜሞሪ ካርዱም ሆነ ከሃርድ ዲስኩ አታጥፉ። ዲስክ የምትቀበሉ ደንበኞችም ሒሳቡን ከመዝጋታችሁ በፊት በሌላ ድራይቭ ተነብቧል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።